ኢንሱሊን፣ ብልቃጡና መርፌው፦ የመድኃኒት መያዣ ለምን እንዲህ ተሠራ?

በበጋ ወራት የርሖቮት ሙቀት ከ30 ዲግሪ በላይ ይውላል። ሻራቭ በሚነፍስበት ቀን ደግሞ ከዚያም ያልፋል። በቂርያት ሞሼም ሆነ በሌሎቹ ሰፈሮች የሚኖሩ አባቶችና እናቶች በዚያ ሙቀት መድኃኒታቸውን በቦርሳ ይዘው ወደ ኩፓት ሖሊም፣ ወደ ካፕላን ሆስፒታል ወይም ወደ ገበያ ይሄዳሉ። በቦርሳው ውስጥ ካሉት መድኃኒቶች ሙቀትን በጣም ከሚፈሩት አንዱ ኢንሱሊን ነው።

ሐኪም ስለ መድኃኒቱ ይናገራል፤ ስንት ዩኒት፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ ያዛል። ስለ መያዣው የሚነገረው ግን ጥቂት ነው። ብልቃጡ ለምን ከመስታወት ተሠራ? መርፌው ለምን አንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል? በእስክሪብቶ መልክ የተሠራውና ፔን የሚባለው መወጊያ ለምን ለሌላ ሰው አይዋስም? ምክንያቱን ያወቀ ሰው ትእዛዙን አይረሳም።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ተወላጆች ቅርብ ነው። በሙሴ ዘመቻ በ1984 እና በ1985፣ በኋላም በሰለሞን ዘመቻ በግንቦት 1991 ወደ እስራኤል የመጡት ሰዎች አብዛኞቹ ቀጫጭኖች ነበሩ፤ የስኳር ሕመምም በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር። በእስራኤል ሐኪሞች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት ሕመሙ ከመጡ በኋላ ባሉት ዓመታት በፍጥነት ጨምሯል። ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸርም ብዙ ባልወፈረ ሰው ላይ ሳይቀር ይታያል። ስለዚህ ዛሬ በብዙ ቤት ማቀዝቀዣ ውስጥ ኢንሱሊን አለ።

ዕቃና ይዘት

ለእያንዳንዱ ነገር የራሱ ዕቃ እንዳለው የጎንደር እናቶች ከማንም በላይ ያውቁታል። ወተት በወይራ በታጠነ ቅል፣ ጠላ በጋን፣ እህል በጎተራ፣ እንጀራ በመሶብ ይቀመጣል። ዕቃው ከተለወጠ ወተቱ ይበላሻል፣ እህሉ ይነቅዛል፣ እንጀራው ይሻግታል።

ቤተ እስራኤል ደግሞ ይህን ጥበብ በእጃቸው የሠሩ ሰዎች ናቸው። በጎንደር አጠገብ በወለቃና በሌሎችም መንደሮች ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች፣ ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። ሸክላ ሠሪዋ የትኛው አፈር እሳት እንደሚችል፣ የትኛው እንስራ ውሃ እንደሚያቀዘቅዝ ታውቃለች። ቀጥቃጩም ብረት በምን ያህል ግለት እንደሚጠነክር፣ ጫፉ መቼ እንደሚዶለዱም ያውቃል። የዛሬው ብልቃጥና መርፌ የሚሠሩት በትልልቅ ፋብሪካ ነው፤ ሠሪዎቹ የሚጠይቁት ጥያቄ ግን ያው ነው፦ ይህ ዕቃ ከምን ይሠራ? ምን ይችላል? መቼ ያረጃል?

መስታወቱ

የኢንሱሊን ብልቃጥ ከመስታወት የተሠራ ነው፤ መስታወቱ ግን እንደ ተራ ጠርሙስ አይደለም። ተራ መስታወት ፈሳሽ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥበት ከራሱ ጥቂት ጥቂት ጨው መሰል ነገር ወደ ፈሳሹ ይለቃል። ለውሃ ወይም ለዘይት ይህ ምንም አይደለም፤ መድኃኒትን ግን ሊያበላሽ ይችላል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ላይ ኦቶ ሾት የተባለ ጀርመናዊ በየና ከተማ ቦሮን የተባለ ንጥረ ነገር የተጨመረበት መስታወት ሠራ። ይህ መስታወት ሙቀትና ቅዝቃዜ ሲፈራረቁበት ቶሎ አይሰነጠቅም፤ ወደ ፈሳሹም የሚለቀው ነገር እጅግ ትንሽ ነው። ዛሬ በመርፌ የሚሰጡ መድኃኒቶች በብዛት የሚቀመጡት በዚህ ዓይነት መስታወት ነው።

የብልቃጡ ክዳን ጎማ ነው። መርፌ ወግቶት ሲወጣ ጎማው ተመልሶ ይዘጋል፤ ስለዚህ አየርና ቆሻሻ አይገባም። ከጎማው በላይ ያለው የአሉሚኒየም ቀለበት ጎማው እንዳይነቀል ይይዘዋል። በፈሳሹ ውስጥም ተህዋስ እንዳይራባ የሚከላከል ነገር ተጨምሮበታል፤ ኢንሱሊን ሲሸት እንደ ፋሻና ፕላስተር የሚሸተው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከብልቃጥ በስሪንጅ የሚቀዱ ሰዎች ነርሷ አስቀድመው አየር እንዲያስገቡ ስታዝዝ ሰምተዋል። ብልቃጡ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ ስለሆነ፣ በወጣው ፈሳሽ ልክ አየር ካልገባ በውስጡ ባዶነት ይፈጠርና ፈሳሹን ወደ ኋላ ይስበዋል። ጠርሙስ ተዘቅዝቆ ውሃ ሲቀዳ "ጉል ጉል" የሚለው አየር ለመግባት ሲታገል ነው፤ እዚህም ነገሩ ያው ነው።

ከሚቀቀለው መርፌ ወደ ሚጣለው

በዕድሜ የገፉ አንባቢያን በኢትዮጵያ ክሊኒኮች የነበረውን የመስታወት ስሪንጅ ያስታውሳሉ። በብረት ሣጥን ውስጥ ከመርፌዎቹ ጋር ይቀቀላል፤ ከአንዱ ሕመምተኛ ወደ ሌላው ይተላለፋል። መርፌው ሲደነዝዝ ይሳላል። በገጠር ደግሞ ቦርሳውን አንግቶ ከመንደር መንደር የሚዞር መርፌ ወጊ ነበረ። "መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም" የሚለው እምነት ጽኑ ስለነበረ ገበያው አይጎድልበትም ነበር።

ጉዳቱ ማቀቀሉ ሲጓደል ነው። በመርፌው ውስጥ የቀረች በዓይን የማትታይ የደም ጠብታ የጉበት በሽታን ከሰው ወደ ሰው ትወስዳለች። የዚህ ትልቁ ትምህርት የተገኘው ከጎረቤት አገር ከግብፅ ነው። ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የግብፅ መንግሥት የቢልሃርዚያን በሽታ ለማጥፋት ሕዝቡን በመርፌ ያክም ነበር። ስሪንጆቹ የመስታወት ነበሩ፤ ሕመምተኛው ብዙ፣ ለማጽዳት ያለው ጊዜ ጥቂት ነበር። ቢልሃርዚያው ሲቀንስ ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት ቫይረስ በአገሩ ተስፋፋ፤ ግብፅም በዚህ በሽታ ከዓለም ቀዳሚ ከሆኑት አገሮች አንዷ ሆነች። መድኃኒቱ ትክክል ነበር፤ ጉዳቱ የመጣው በመርፌው ነው።

ከኢትዮጵያ የሚነሣው ታሪክ ደግሞ ደስ የሚያሰኝ ነው። የፈንጣጣ ማጥፋት ዘመቻ በኢትዮጵያ በ1971 ሲጀመር ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ተራራ እየወጡ የያዙት ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው በቅዝቃዜ ደርቆ ዱቄት የሆነ ክትባት ነው፤ ይህ ክትባት በሙቀት አገር ለአንድ ወር ያህል ያለ ማቀዝቀዣ ይቆያል። ሁለተኛው ጫፏ እንደ መንሽ ለሁለት የተከፈለ ትንሽ መርፌ ናት። በሁለቱ ጥርሶቿ መካከል የምትይዘው ጠብታ ለአንድ ሰው በቂ ነው፤ የሚያስፈልገውን ክትባት ከቀድሞው ወደ ሩብ ያህል አወረደችው። ክንዱን ደጋግማ ጠቅ ጠቅ ካደረገች ሥራው አለቀ፤ አሠራሩንም ማንም ሰው በአጭር ጊዜ ይማረዋል። በነሐሴ 1976 የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በኢትዮጵያ ታየ፤ በሚቀጥለው ዓመት በሶማሊያ የመጨረሻው ተገኘ፤ ከዚያ በኋላ በሽታው ከተፈጥሮ ጠፋ። በብዙ አረጋውያን ክንድ ላይ ያለው ጠባሳ የዚያች መርፌ ምልክት ነው።

ተጥሎ የሚቀር የፕላስቲክ ስሪንጅ ገበያውን የያዘው ከ1960ዎቹ ወዲህ ነው። በ1999 የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከሌላው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጋር ሆነው፣ ለክትባት የሚውለው ስሪንጅ ሁሉ አንዴ ከተገፋ በኋላ ራሱን የሚቆልፍና ዳግመኛ የማይሠራ እንዲሆን ጥሪ አቀረቡ። ሰው ቢረሳም ዕቃው ራሱ እምቢ ይላል ማለት ነው።

መርፌው ለምን አይደገምም?

የፕላስቲክ ስሪንጅ ሦስት ክፍል አለው፦ ግልጽ የሆነው ቱቦ፣ የሚገፋው ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ ያለው ጎማ። ጎማው በቱቦው ውስጥ እንዲንሸራተት ሲሊኮን የተባለ ዘይት በስሱ ተቀብቷል። ፋብሪካው ዕቃውን ካሸገ በኋላ በጋዝ ወይም በጨረር ተህዋሱን ያጠፋል። ይህን ስሪንጅ መቀቀል ትርፍ የለውም። ዘይቱ ይታጠባል፣ ቅርጹ ሊጣመም ይችላል፣ ቁጥሩም ይለቃል።

የፔን መርፌ ደግሞ ከቀድሞው ጋር አይነጻጸርም። ርዝመቱ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ አለ፤ ውፍረቱ የአንድ ሚሊ ሜትር ሩብ ያህል ነው። ጫፉ እጅግ ስል ነው፤ ሳያሳምም እንዲገባም ሲሊኮን ተቀብቷል። አንድ ጊዜ ሲወጋ ዘይቱ ይቀንሳል፣ ጫፉ መዶልዶም ይጀምራል። በተደጋገመ ቁጥር ይበልጥ ያማል። ቆዳው ሥር እብጠት ወይም ጠጣር ነገር ከተፈጠረ በዚያ ቦታ የተወጋ ኢንሱሊን በሥርዓቱ ወደ ደም አይገባም፤ ስለዚህ የሚወጉበትን ቦታም በየጊዜው መቀያየር ያስፈልጋል።

ከወጉ በኋላ መርፌውን በፔኑ ላይ ትቶ ማስቀመጥም አይገባም። መርፌው በውስጥና በውጭ መካከል የተከፈተ ቧንቧ ስለሆነ ኢንሱሊኑ ይንጠባጠባል፣ አየርም ይገባል። በሚቀጥለው ጊዜ 20 ዩኒት የተሞላ መስሎ ከፊሉ አየር ሊሆን ይችላል። ከመውጋት በፊት 2 ዩኒት ወደ አየር ረጭቶ ጠብታ ማየት የሚታዘዘውም ለዚህ ነው። ቁልፉን ጨርሰው ከገፉ በኋላ መርፌውን ወዲያው ሳይነቅሉ ቀስ ብሎ እስከ አሥር መቁጠር የመጨረሻው ጠብታ እንዲገባ ያደርጋል።

ፔኑ የአንድ ሰው ነው

የመጀመሪያው የኢንሱሊን ፔን በ1985 በዴንማርክ ወጣ። በብዛት የሚታወቁት ፔኖች በውስጣቸው 3 ሚሊ ሊትር ማለትም 300 ዩኒት ይይዛሉ። ቁጥሩን ሲያዞሩት "ቀጭ ቀጭ" ይላል፤ ይህ ዓይናቸው ለደከመ ሰዎች ይረዳል። ሆኖም በድምፁ ብቻ መተማመን አይገባም፤ ቁጥሩን ማየት ወይም የሚያይ ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል።

ባልና ሚስት ሁለቱም ስኳር ያለባቸው ቤት ጥቂት አይደለም። "መርፌውን ቀይሬ የእሱን ፔን ብጠቀም ምን አለበት?" የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ አይቻልም ነው። ሲወጉ ጥቂት ደም ወይም የቆዳ ሴል በመርፌው ቀዳዳ በኩል ወደ ፔኑ ሊመለስ ይችላል፤ በዓይን አይታይም። አዲስ መርፌ ቢደረግበትም ውስጡ የገባው እዚያው ይቀራል። በፔኑ ላይ ስም መጻፍ ቀላል መፍትሔ ነው።

አንድ ሰው ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን ሲኖረው፣ አንዱ ቀኑን ሙሉ የሚሠራ ሌላው ከምግብ ጋር የሚወሰድ ሲሆን፣ ማደባለቅ ትልቅ አደጋ አለው። ፈጣኑን በዝግተኛው ልክ የወጋ ሰው ስኳሩ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ፋብሪካዎቹ በቀለም ይለዩዋቸዋል፤ ቀለም የማይለይ ሰው ግን በአንዱ ላይ ክር ወይም ላስቲክ ቢያስርበት በጣቱ ዳስሶ ያውቀዋል።

ከብልቃጥ የሚቀዳ ሰውም ለኢንሱሊን በተሠራው ስሪንጅ ብቻ ይጠቀም። የኢንሱሊን ስሪንጅ የሚቆጥረው በዩኒት ነው፤ ተራው ስሪንጅ በሚሊ ሊትር ይቆጥራል። በተለመደው ኢንሱሊን 1 ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ነው። 10 ዩኒት የታዘዘለት ሰው በተራ ስሪንጅ "1" እስከሚለው ከቀዳ የታዘዘውን አሥር እጥፍ ወሰደ ማለት ነው። እንደዚሁም ከፔን ውስጥ በስሪንጅ መቅዳት አይፈቀድም፤ አንዳንድ ፔን ከተለመደው የበረታ ኢንሱሊን ይይዛል።

ሙቀትና በረዶ

ኢንሱሊን ፕሮቲን ነው፤ እንደ እንቁላል ነጩ ያለ ማለት ነው። እንቁላል አንዴ ከተቀቀለ ወደ ጥሬነቱ አይመለስም። ኢንሱሊንም በሙቀት ሲጎዳ ቅርጹ ይለወጣል፣ ኃይሉን ያጣል፤ ብታቀዘቅዙትም አይመለስም። ከቀዘቀዘና በረዶ ከሆነ ደግሞ ቢቀልጥም አይረባም።

ያልተከፈተ ኢንሱሊን የሚቀመጠው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ቦታው በማቀዝቀዣው መካከል ይሁን፤ የኋላው ግድግዳ አንዳንዴ በረዶ ይሠራል። በሥራ ላይ ያለው ፔን በአብዛኛው ከ30 ዲግሪ በታች በሆነ ቤት ውስጥ ለአራት ሳምንት ያህል ይቆያል። እንደ ኢንሱሊኑ ዓይነት ከዚህ የሚያንስም የሚበልጥም ስላለ በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ይከበር። የተከፈተበት ቀን በላዩ ላይ ይጻፍበት።

ለማቀዝቀዣ ሳይደርሱ ስለሚኖሩ ሰዎችም ጥናት ተደርጓል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅትና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ኬንያ በዳጋሃሌ የስደተኞች ካምፕ የሙቀቱን ሁኔታ ለኩ፤ በሌሊት 25፣ በቀን 37 ዲግሪ ይደርስ ነበር። በ2021 በወጣው ጥናት ኢንሱሊኑ እንዲህ ባለ ሙቀት አራት ሳምንት ቢቆይም ኃይሉ አልተለወጠም። ይህም በሙቀት አገሮች በቤት ውስጥ በሸክላ ዕቃ ኢንሱሊን ለሚያቆዩ ሰዎች ተስፋ ነው። ያልተቀባ ሸክላ ውሃ ሲያላብ ላቡ እየተነነ ውስጡን ያቀዘቅዘዋል፤ የእንስራ ውሃ ለምን እንደሚበርድ ወለቃ ያደገች ሴት ለማንም ማስረዳት ትችላለች።

ይህ ጥናት ግን ቸልተኛ ለመሆን ፈቃድ አይሰጥም። በርሖቮት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ37 ዲግሪ እጅግ ይበልጣል። መድኃኒት በመኪና ውስጥ፣ በመስኮት ጥግ ወይም በምድጃ አጠገብ አይተውም። ለስግድ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ሲወጣ ወይም ረጅም መንገድ ሲኬድ የማቀዝቀዣ ቦርሳ ይጠቅማል፤ ፔኑ ግን በረዶውን እንዳይነካ በጨርቅ ይጠቅለል።

የተበላሸ ኢንሱሊን ሁልጊዜ በዓይን አይለይም። ንጹሕ የነበረው ከደፈረሰ፣ ደመናማ የሆነው ደግሞ ሲንከባለል እኩል ካልተደባለቀና ጓል ከሠራ ይጣል። ምልክት ሳያሳይም የሚደክም አለ፤ ትልቁ አደጋ ያለውም እዚህ ላይ ነው። ስኳሩ ሲወጣ ሐኪሙ መድኃኒቱ ያነሰ መስሎት መጠኑን ይጨምራል። ሕመምተኛው ከፋርማሲ አዲስና ጤናማ ፔን ሲያመጣ ያንኑ የተጨመረ መጠን ይወጋል። ያን ጊዜ ስኳሩ ከሚገባው በታች ይወርዳል፤ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ መደንገዝ ይመጣል፤ ብሶ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ስለዚህ ስኳር ያለ ምክንያት ሲወጣ ለሐኪሙ በመጀመሪያ የሚነገረው "ኢንሱሊኑ ፀሐይ ነክቶት ነበር" ወይም "ከተከፈተ ሁለት ወር ሆኖታል" የሚለው ነው። ይህ መናገር አያሳፍርም፤ ሕይወት ያድናል።

እንክብሎቹስ?

በነጠላ ጫፍ ቋጥሮ መያዝ ለገንዘብ ጥሩ ነው፤ ለእንክብል ግን አይሆንም። እንክብል በአሉሚኒየምና በፕላስቲክ ታሽጎ አንድ በአንድ የሚወጣው እርጥበትና አየር እንዳይነካው ነው። ቡናማው ጠርሙስ ብርሃን ይከለክላል። በጠርሙስ ውስጥ ያለችው ትንሽ ከረጢት እርጥበት ትመጣለች፤ አትበላም፣ አትጣልምም። ለልብ ሕመም በምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን በራሱ ኃይል የሚተን ስለሆነ ከመጀመሪያው መያዣው አይወጣም፤ ወደ ፕላስቲክ ሣጥን ከተዛወረ ኃይሉ ያልቃል።

ተጭኖ የሚዞረው ክዳን ብዙ አረጋውያንን ያስቸግራል። ይህን ክዳን በ1967 ያስፋፋው ሄንሪ ብሮ የተባለ ካናዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነበር፤ ከመድኃኒት የሚመረዙ ሕፃናት መብዛት አሳስቦት ነው። መክፈቻው ለደከመ እጅ ከከበደ ፋርማሲው ቀላል ክዳን ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን የልጅ ልጅ በሚመጣበት ቤት መድኃኒቱ ከፍ ካለ ቦታ ይቀመጥ። የሳምንት መድኃኒት ሣጥን ለሚረሳ ሰው ይጠቅማል፤ የትኞቹ እንክብሎች በዚያ እንደማይገቡ ፋርማሲስቱ ይጠየቅ።

ከፋርማሲ ከመውጣት በፊት

በማሸጊያው ላይ ያለው ጽሑፍ ዕብራይስጥ ነው፤ የልጅ ልጅም ሁልጊዜ አጠገብ አይገኝም። ስለዚህ ሦስት ጥያቄ ጠይቆ መውጣት ይበጃል፦ ይህ መድኃኒት የት ይቀመጣል? ከተከፈተ በኋላ ስንት ቀን ይቆያል? ከመያዣው ቢወጣ ይበላሻል? አማርኛ የሚችል ሠራተኛ ካለ በአማርኛ ማብራራት እንዲችል መጠየቅ የሕመምተኛው መብት ነው። የኢትዮጵያ ተወላጆችን ጤና ለማገዝ በ1998 የተመሠረተው ጤነ ብሪዩትም በዚህ ረገድ የሚታወቅ ድርጅት ነው።

ያገለገለ መርፌ በከረጢት ወደ ቆሻሻ አይጣል፤ ቆሻሻ የሚያነሣውን ሠራተኛ ይወጋል። ጠንካራ የፕላስቲክ ጠርሙስ፣ ለምሳሌ የልብስ ማለስለሻ የነበረበት፣ ክዳኑ ተጠብቆ ይዘጋበት፤ ሲሞላ የት እንደሚመለስ የኩፓት ሖሊም ነርስ ትነግራለች። ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት ደግሞ በኩፓት ሖሊም ፋርማሲ ለዚሁ ወደተዘጋጀው ሣጥን ይመለሳል።

ጋን በጠጠር ይደገፋል እንደተባለው ነው። ኢንሱሊን ትልቅ መድኃኒት ነው፤ በ1922 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ከተሰጠ ወዲህ ብዙ ሕይወት አትርፏል። ጠጠሮቹ ደግሞ መርፌው፣ ጎማው፣ ብልቃጡና የተጻፈበት ቀን ናቸው።